መልስ፦ የባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል ቀጫጭን ምሰሶዎች እንዳይሰበሩ

ጤና ይስጥልኝ። በ1/72 መጠን (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ) በሚሠሩት የሶፕዊዝ ካሜል፣ ማለትም የአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሞዴል ላይ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት ምሰሶዎች ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሲለዩ እየተሰበሩ እንዳስቸገሩዎት ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ችግሩ ያለው በአቆራረጡ ላይ ነው፤ የመቁረጫ ፒንሳ ከንፈሮች ሲገጥሙ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ስለሚገፉት ግፊቱ የሚያርፈው በቀጭኑ ምሰሶ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በዙሪያው ያለውን ወፍራም ፍሬም ይቁረጡና ውጥረቱን ያላሉ፤ ከዚያም ምሰሶውን ጠንካራና ዝርግ ነገር ላይ አስተኝተው የቀረውን ማያያዣ በቀጭን መጋዝ ወይም በአዲስ ምላጭ ሳይጫኑ ይለዩት። ለመያዝ ጫፉ ሹል ከሆነ ወረንጦ ይልቅ ዝርጉ ይሻላል፤ ሹሉ ክፍሉን አስፈንጥሮ የመጣል ልማድ አለው፣ ከወደቀ ደግሞ ፍለጋው አያልቅም።

ለማጣበቅ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋህደውን ሙጫ እመርጣለሁ። ሱፐር ግሉ ወዲያው ስለሚደርቅ ምሰሶውን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ መጋጠሚያውም በጎን ግፊት በቀላሉ ይላቀቃል። ነገር ግን አቅላጩ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን በቀጥታ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሎቹን አስቀድመው ከቀቡ በመጋጠሚያው ላይ ያለውን ቀለም ይፋቁ። ምሰሶዎቹን በታችኛው ክንፍ ላይ ካቆሙ በኋላ ሙጫው ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር የላይኛውን ክንፍ አሳርፈው ዘንበላቸውን ያስተካክሉ፤ ከዚያም በካርቶን መደገፊያ ላይ አቁመው እስከ ማግሥቱ አይንኩት።

በክንፎቹ መካከል የሚወጠሩትን የማጠናከሪያ ሽቦዎች በሚለጠጥ ቀጭን ክር ቢሠሩ፣ ሞዴሉን ሲያነሱ ክሩ ስለሚሳብ ምሰሶዎቹን አይነቅልም።