ጥያቄና መልስ፦ ኢትዮጵያና ስዊድን፣ ከሆለታ እስከ ጭላሎ

ወጣትነቴን ያሳለፍኩት አርሲ ውስጥ ነው፤ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመ የእርሻ ልማት ድርጅት ውስጥ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱ አገሮች ያገኘሁትን ሳነብ፣ በጊዜው የነበሩ ሰዎችን ሳገኝ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን በየተራ እመልሳለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዘመኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ትውውቁ ከመቼ ይጀምራል? በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው የሚሉ አሉ።

ከመንግሥታቱ በፊት ሰዎቹ ተዋውቀዋል። የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ሰዎች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ስላልተከፈተላቸው ግን ለረጅም ጊዜ በዚያው በሰሜኑ ቆዩ። ከባርነት ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ የተማሩት በእነርሱ ቤት ነው፤ ስዊድንም ሄደው ተምረዋል። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ስለ ሁለቱ አገሮች ሲነሳ ሁሉም ወደ ነገሥታቱ ጉብኝት ይሮጣል፤ እኔ ግን ከእነዚህ ሁለት ኢትዮጵያውያን ልጀምር እወዳለሁ።

በመንግሥት ደረጃ ከሆነ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊድንም ገብተው ነበር። በ1935 መጀመሪያ ደግሞ የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ ከቤተሰባቸው ጋር አዲስ አበባ መጡ።

የሆለታን ጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ስዊድኖች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች እነርሱ ነበሩ። ቪኪንግ ታም የሚባል መኮንን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር መጥቶ ትምህርቱን ይመራ ነበር። ለምን ከስዊድን ተመረጡ የሚለውን ለመረዳት የዚያን ጊዜ ካርታ ማየት ይበቃል። ኢትዮጵያን በዙሪያዋ የከበቧት ጣሊያን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። ከእነዚህ ከአንዱ መኮንን ማስመጣት ቤትን ለሚቋምጥ ጎረቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነበር። ስዊድን ሩቅ ናት፣ ትንሽ ናት፣ በአፍሪካ ምድር ቅኝ ግዛት አልነበራትም።

ጣሊያን በጥቅምት ወር 1935 ሲወር ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ገና አልጨረሱም። ንጉሡ አገር ለቀው ከወጡ በኋላ ከእነዚሁ ልጆች የተወሰኑት ወደ ወለጋ አፈገፈጉ፤ ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋርም ጣሊያንን የተዋጋውን የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ከወታደራዊ ሥልጠናው ውጤት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የተማሩት ልጆች ትምህርቱን ለራሳቸው አገር አዋሉት።

መልካ ዲዳ የት ነው? አያቴ ስሙን ሲጠሩ እንባ ይቀድማቸው ነበር።

በደቡብ፣ በገናሌ ዶሪያ ወንዝ አጠገብ፣ ወደ ዶሎ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በዚያ ግንባር ሲዋጋ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ አብሮት ሰፍሮ ነበር። መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበትን ሰፈር ደበደቡት። ድንኳን ውስጥ የተኙ ቁስለኞች ባሉበት አለቁ። ሂላንደር ቆሰለ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ባልደረባው ሞተ። ወሬው ስዊድን ሲደርስ አገሩ በቁጣ ተነሳ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበረ ስዊድናዊ የኢትዮጵያን ስም የሚያስታውሰው ከዚያ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ እርዳታ ለማን እንስጥ ሲባል ስማችን ቶሎ የመጣውም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አያትዎ በሕይወት ካሉ እባክዎ የሚያስታውሱትን ይቅዱልን።

ካውንት ቮን ሮዘን ማን ነበር?

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1935 የቀይ መስቀል አውሮፕላን ይዞ መጥቶ ቁስለኛ ያመላለሰ አብራሪ ነው። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ዓመታት ሠራ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲገባ ጎዴ ላይ ተገደለ፤ በዚያ ጊዜ የነበረው በእርዳታ በረራ ሥራ ላይ ነው።

የልማት ትብብሩ ራሱ መቼ ተጀመረ? ዛሬ በዓይን የሚታይ ምን ቀረ?

በ1954 ነው። ስዊድን መንግሥታዊ እርዳታ መስጠት ስትጀምር መጀመሪያ የመረጠቻቸው አገሮች ኢትዮጵያና ፓኪስታን ነበሩ። ሲዳ የሚባለው የእርዳታ ድርጅታቸው እንኳ የተቋቋመው በ1965 ነው፤ ማለትም እኛ ከድርጅቱ እንበልጣለን።

በዓይን የሚታየውን ልንገራችሁ። ልደታ አካባቢ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ የተጀመረው በዚያው በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ነው። ተማሪ ከማስተማር አልፎ የግንባታ ዕቃ ይፈትን፣ የጭቃ ቤት እንዴት ዕድሜው እንደሚረዝም ያጠና ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ሁለተኛው ፋፋ ነው። ከእናንተ መካከል ፋፋ ሳይበላ ያደገ ስንቱ ነው? በ1962 የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በስዊድን ድጋፍ ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የተቀመመው በዚያ ነው፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት። ጡት መጣል የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ጓዳ ብዙም በማይርቅ እህል ገንቢ ምግብ እንዲያገኝ ነው የታሰበው። ስሙም የራሳችን ነው፤ ልጁ ፋፋ እንደምንለው። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል።

የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋምንም እጨምራለሁ። የስዊድንና የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅቶች በ1970 ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ለሥጋ ደዌ ምርምር አቋቋሙት፤ በ2004 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተረከበው። እኔ አንድን ትብብር ተሳክቷል የምለው እንዲህ ሲሆን ነው። የመጡት ሄደው ሥራው ሲቀር፣ ኃላፊውም አጥኚውም የአገሩ ልጅ ሲሆን።

በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ ለአርሲ ገበሬ ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ቤታችን ውስጥ አባቴና አጎቴ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አጎትህና አባትህ ያኔ መሬቱ ላይ ምን ነበሩ የሚለውን ጠይቅ። አንደኛው ባለ ርስት፣ ሌላው ጭሰኛ ከነበሩ ክርክሩ ከዚያ ነው የመጣው።

የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ በ1967 አሰላን መቀመጫው አድርጎ ተነሳ። ሐሳቡ በጊዜው አዲስ ነበር። በአንድ አውራጃ ላይ ምርጥ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ብድሩን፣ መንገዱን፣ ውሃውን፣ ገበያውን አንድ ላይ አምጥቶ ትንሹን ገበሬ ማንሳት። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዝርያ ይፈተናል፤ የተሻለው ለገበሬው ይባዛል። የአርሲ ላም ከፈረንጅ ኮርማ ትዳቀላለች። በበሬ የሚጎተት የተሻለ ማረሻና ጋሪ ይሠራል። እኔ ሥራ የገባሁት የካዱ ስም ተለውጦ አርዱ (የአርሲ የገጠር ልማት ድርጅት) ተብሎ መላውን አርሲ መሸፈን በጀመረበት ሰሞን ሲሆን፣ በየቀበሌው የነበረውን የእህል ክምር አይቻለሁ። ቁሉምሳ ዛሬም የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማዕከል ነው። አርሲ የስንዴ አገር የተባለው በዚያ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ስንዴው በብዛት ማፍራት ሲጀምር ባለ ርስቱ አየው። እስከዚያ ሲሶ ወይም እኩል እየተቀበለ አዲስ አበባ ይቀመጥ የነበረው ሰው ትራክተር ገዝቶ መጣ። ትራክተር ከገባ ጭሰኛ ምን ያደርጋል? ፕሮጀክቱ ሊረዳው የመጣው ሰው በፕሮጀክቱ ስኬት ምክንያት ከመሬቱ ተነቀለ። ኢተያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት አዝመራ በምርጥ ዘር አምርተው በሦስተኛው ውጣ እንደተባሉና የቤታቸውን ማገር ነቅለው በአህያ ጭነው እንደወጡ ነግረውኛል። ቤት የነበረበትን ቦታ በበትራቸው ሲያሳዩኝ ስንዴ በቅሎበት ነበር።

ስዊድኖቹ አላዩትም ማለት አይደለም። ከመጀመሪያውም የመሬት ይዞታ ካልተሻሻለ ልማቱ ትንሹን ገበሬ እንደማይደርሰው ያውቁ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥትም የጭሰኛና የባለ ርስት ግንኙነት የሚመራበትን ሕግ እንደሚያወጣ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ረቂቁ ፓርላማ ገባ። ፓርላማው የባለ ርስቶች ነበርና እዚያው ቀረ። መሬት ላራሹ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ለተነቀሉት ግን ዘግይቷል።

ታዲያ ሕጉ ካልወጣ ስዊድን ጥላ መውጣት አልነበረባትም?

ይህን ለዓመታት አስቤበታለሁ። ብትወጣ ኖሮ ትራክተሩ አይቆምም ነበር፤ ዘሩ ወጥቷል፣ ዋጋው ታውቋል። የምወቅሳት ስለቆየች ሳይሆን፣ የብድሩንና የዘሩን ሥራ ከሕጉ አስቀድማ በመጀመሯ ነው። ከሁሉ በላይ የምወቅሰው ግን የራሳችንን ፓርላማ ነው። እንግዳ ሰው የአገርህን መሬት ሕግ ሊያወጣልህ አይችልም።

ወዳጅነቱ ተበላሽቶ ያውቃል?

ተፈትኗል። ለብዙዎቻችሁ ቅርብ የሆነው የ2011 ነገር ነው። ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺቢየና ዮሐን ፔርሾን፣ ከታጣቂዎች ጋር ወደ ኦጋዴን ገብተው ተያዙ፤ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው፤ በመስከረም 2012 በይቅርታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኤምባሲዎቹ አልተዘጉም፤ ንግግሩ አልተቋረጠም። እስረኞቹን ያወጣቸው ያ ያልተቋረጠ ንግግር ይመስለኛል።

የሚሰጡን ብድር ነው ስጦታ? አሁን ቀነሰ የሚባለውስ?

በስዊድንና በእኛ መካከል ያለው በመሠረቱ ስጦታ ነው፤ የማይመለስ። አሁን ግን ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። በካዱ ዘመን ሁለት መንግሥታት ተፈራርመው አንድ ድርጅት አቋቁመው ይሠሩ ነበር። ዛሬ አብዛኛው የሚያልፈው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ በሲቪል ማኅበራትና በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው።

ስለ መቀነሱ፦ የስዊድን ፓርላማ በ1968 ከአገራዊ ገቢው አንድ በመቶውን ለእርዳታ ለመስጠት ግብ አስቀምጦ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ከሀብታም አገሮች የጠየቀው 0.7 በመቶ ነው። በ2022 የመጣው መንግሥት ያንን ግብ ትቶ በዓመት 56 ቢሊዮን ክሮነር የሚል ቁርጥ መጠን አወጣ። ከዚያም ላይ ለዩክሬን የሚሄደው ድርሻ ትልቅ ሆነ። ለእኛ የሚደርሰው መጥበቡ አይቀርም።

ስቶክሆልም ተወልጄ ያደግሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ትምህርት ቤት ስለ እርዳታ ሲወራ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ምን ልበላቸው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። ስለ እርዳታ አሰጣጥ ብዙውን የተማሩት በእኛ አገር መሆኑን ንገሪያቸው። አሰላ ላይ ያገኙትን ትምህርት፣ ስህተቱንም ጭምር፣ ይዘው ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል። በ1935 ለኢትዮጵያ ቁስለኛ የሞተ ወገናቸው መኖሩንም ብዙዎቹ አያውቁም፤ አንቺ ንገሪያቸው። ሲያዩሽ አንገትሽን የሚያስደፋ ነገር የለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም ሰጥተናል፤ መሬት፣ ጉልበት፣ ባለሙያ፣ ሕይወትም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከግቢያችን ያሉ አሮጌ ክፍሎች በስዊድን የተሠሩ ናቸው ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል?

በጣም ይችላል። ከ1965 ጀምሮ በነበረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ተሠርተዋል። አሠራሩ ግን ስዊድን ሠራችው በሚለው አይገለጽም። የአካባቢው ሕዝብ ገንዘብ ያዋጣ፣ ድንጋይና አሸዋ ያቀርብ፣ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ስዊድን የራሷን ድርሻ ትጨምር ነበር። ስለዚህ ከሰፈራችሁ ሽማግሌዎች መካከል ያን ድንጋይ የተሸከመ ሊኖር ይችላል። ተማሪዎችህን ላክና ይጠይቁ፤ ማን አዋጣ፣ ስንት ብር፣ ማን አናጢ ነበር፣ ድንጋዩ ከየት መጣ። ያገኙትን በደብተር ጽፈው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያስቀምጡት። ቢቻል ስሞቹን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ሽማግሌዎቹ ብዙ አይቆዩምና ከዚህ ሴሚስተር አታሳልፈው። ስትጨርሱ አንድ ግልባጭ ላክልኝ።