ፈታሹ ዝም ሲል

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? የሐረር ልጅ ነኝና «አንተ» እልሃለሁ፣ እንዳትቀየመኝ። ከ3 ዓመት በፊት ለፓይተን ስታቲክ አናሊሲስ ላይብረሪ ጽፌ ነበር። ኮዱን ሳያስኬድ ያነባል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ኢምፖርት (ከሌላ ቦታ የመጣ ኮድ) እና ተለዋዋጭ ካገኘ ያስጠነቅቃል። አሁን አንድ ፋይል ብቻውን 1,900 መስመር ደርሷል። ቴስት የሚባል የለውም። የጻፍኩት እኔ፣ የማይገባኝም እኔ። ከዜሮ ልጀምር ወይስ ላስተካክለው?
ከሸዋ በር

መልስ፦ አንተ በለኝ፣ ድሬም ያው ነን። «እርስዎ» ብትለኝ ገንዘብ ልትበደረኝ ነው እል ነበር።

ከዜሮ አትጀምር። ያ የሚያስጠላህ ኮድ 3 ዓመት ሙሉ ስድብ ጠጥቷል። መሃል ላይ ያለው ግራ የሚያጋባ «ኢፍ» አንድ ቀን አንድ ሰው በከንቱ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ስለጮኸ የገባ ይሆናል። ስትጥለው ትዝ አይልህም። ሰውየው ተመልሶ ሲጮህ ግን ትዝ ይልሃል።

የራሴን ልንገርህ። እኔም ባዶ «ኤክሴፕት» (የስህተቱን ዓይነት ሳይለይ ሁሉንም የሚውጥ) የሚፈልግ ፈታሽ ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ትልቁን ፈንክሽን በታተንኩት። ቤት ውስጥማ በዚያ ሙቀት ላፕቶፕ ጭን ላይ ማድረግ ቅጣት ነው። በፊት 61 ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ፕሮጀክት ላይ አስኬድኩት፤ 9 ብቻ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው የነቃሁት፦ ፕሮጀክቱን እኮ ማንም አልነካውም!

ለካ ለፈንክሽን የራሴን ሜተድ ስጽፍ «ጀነሪክ ቪዚት»ን (ወደ ውስጥ ውረድ የሚለውን) መጥራት ረስቻለሁ። ኮዱን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚዞረው የፓይተን «ኖድ ቪዚተር» እሱን ካልጠራህለት ወደ ልጆቹ፣ ማለትም ውስጥ ወዳሉት ቅርንጫፎች፣ አይወርድም። ፈንክሽን ውስጥ ያለው ሁሉ ሳይነበብ ታለፈ። ባንተ ላይ ደግሞ ግልባጩ ይሆናል፤ ኢምፖርቱ ፈንክሽን ውስጥ ሲሠራበት ስለማያይ በከንቱ ይጮሃል። እሱስ ይሻላል፣ ቢያንስ ይሰማል። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ ተቻኩለህ ኮዱን አትንካ። መጀመሪያ 20 ያህል እውነተኛ የፓይተን ፋይሎች ምረጥ። ፈታሽህን አስኪድባቸውና የወጣውን እንዳለ አስቀምጥ፦ ፋይል፣ መስመር ቁጥር፣ መልእክት። ስህተቱንም ጭምር። ትንሽ ነገር ባነሳህ ቁጥር እንደገና አስኬድና አስተያይ። አንድ መስመር ከተለየ ቁም። ድሮ የነበረ ስህተት ካየህ ወረቀት ላይ ጻፈው እንጂ እዚያው አትጠግነው። ጥገናና ሪፋክተር (ሥራውን ሳትቀይር ኮዱን ማስተካከል) አንድ ኮሚት (አንድ ላይ የሚመዘገብ ለውጥ) ውስጥ ከገቡ የቱ ምን እንዳበላሸ አታውቅም።

ከዚያ በፓይቴስት (የፓይተን ቴስት ማስኬጃ) ትንንሽ ቴስት ጻፍ። ሦስት አራት መስመር ኮድ ስጠው፣ ስንተኛው መስመር ላይ መጮህ እንዳለበት ንገረው። ማስጠንቀቂያ ላለው ለእያንዳንዱ ቴስት፣ ዝም ማለት ያለበት ወንድም ቴስት ጻፍለት። «ትራይ» ውስጥ ያለ ኢምፖርት፣ «ኦል» ዝርዝር (ፋይሉ ለሌሎች የሚያጋራቸው ስሞች) ውስጥ ስሙ የተጠራ ኢምፖርት፣ እነዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። «ኤሲንክ» ፈንክሽንንም አትርሳ፤ በኮዱ ዛፍ ላይ ከተራው ፈንክሽን የተለየ ኖድ (ቅርንጫፍ) ነው፤ ለአንዱ የጻፍከው ለሌላው አይሠራም።

አንድ ነገር አሁኑኑ ፈልግ፦ ኮድህ ውስጥ «ቪዚት ነም» (ለቁጥር) ወይም «ቪዚት ስተር» (ለጽሑፍ) የሚባል ሜተድ አለ? ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ቁጥሩም ጽሑፉም «ኮንስታንት» የሚባል አንድ ኖድ ሆነዋል። የድሮዎቹ ሜተዶች ግን ማስጠንቀቂያ እየሰጡም ቢሆን ይጠሩ ነበር። 3.14 ላይ ቀሩ፤ ኤረር የለም፣ ምንም የለም፣ ዝም ብሎ አይጠራቸውም። ያው የኔ ማኪያቶ።

ፋይሉን ስትከፋፍል መጀመሪያ «ፕሪንት»ን አውጣ። እያንዳንዱ ፍተሻ ዝርዝር ይመልስ፣ ማተሙ ለሌላ ክፍል ይተው። ይህን ሳታደርግ ቴስት ልጻፍ ካልክ ስክሪን ላይ የታተመ ጽሑፍ ስትለቅም ትውላለህ። የቀረውን እንደፈለግክ ቁረጠው።