ለአበባ መደብሽ ትል ከመግዛትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። የአበባ መደብሽ አፈር ደርቆ እንደተሰነጣጠቀ፣ ውሃ ስታጠጪውም ላዩ ላይ ተኝቶ እንደሚቆይ ነግረሽን «ቀይ ትል ገዝቼ ልጨምርበት ወይ?» ብለሻል። ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው፤ እኔ ያለፍኩበት ነገር ነው።

ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቀይ ትል ገዝቼ ጽጌረዳዎቼ ሥር በትኜ አፈር አለበስኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብቆፍር አንድም የለም። ለሽያጭ የሚቀርበው ቀይ ትል (አይሴኒያ ፌቲዳ የሚሉት) የሚኖረው በሚበሰብስ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ነው። ምግብ የሌለበት ደረቅ አፈር ውስጥ ሲገባ ወይ ይሞታል ወይ ጥሎ ይሄዳል። ትል በቆዳው ስለሚተነፍስ ቆዳው ከደረቀ አለቀለት። መደብሽን የሚያርስልሽ ሌላ ዓይነት ትል ነው፤ ጥልቅ ቀዳዳ እየሠራ ሌሊት ወጥቶ ቅጠል ጎትቶ የሚገባው። እሱን ትጠሪዋለሽ እንጂ አትገዢውም።

መጀመሪያ ያለሽን እወቂ። አፈሩ እርጥበት ባለው ቀን ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሪ፤ ያወጣሽውን አፈር ላስቲክ ላይ ዘርግተሽ ትሉን ቁጠሪ። 10 እና ከዚያ በላይ ካገኘሽ ደህና ነው። እኔ ያገኘሁት 2 ነበር።

ከዚያ በኋላ 3 ሳንቲሜትር ያህል በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ በላዩም 5 ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ ቅጠል አለበስኩት። ከግንዱ ግን ትንሽ አርቂው፤ ከተጠጋ ግንዱን ያበሰብሰዋል። መቆፈሩንም ተውኩ፣ ከሁሉ የከበደኝም ይሄ ነው፤ እጄ ዶማ ለምዷል። ዶማ ግን ትሉን ይቆርጣል፣ ውሃና አየር የሚገባበትን ቀዳዳውንም ይደረምሳል። ለሁለት የተቆረጠ ትል ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ቢተርፍ የራስጌው ወገን ብቻ ነው።

አምስተኛው ወር ግድም አንድ ማለዳ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ እንደ ጥቃቅን ዶቃ የተቆለለ ጥቁር የትል ፍግ አየሁ። አጠገቡ ካለው ቀዳዳ አፍ ላይ አንድ ቅጠል ግማሹ ገብቶ ቆሟል፣ በሹል ጫፉ በኩል ተስቦ። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ትሎች ቅጠሉን አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ ጫፍ ይዘው ይስቡታል። በዓይኔ ሳየው የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ያን ቀን ያጠጣሁት ውሃ ላዩ ላይ ሳይተኛ ሰመጠ።

አንድ ነገር አደራ። ለጽጌረዳ ቅጠል በሽታ የሚረጨው መዳብ ያለበት መድኃኒት አፈር ውስጥ እየተከማቸ ትሉን ይጎዳል። እኔ ለዓመታት ረጭቻለሁ፣ ትሌ ለማነሱ አንዱ ምክንያት እሱ ይመስለኛል። አሞኒየም ሰልፌትም ሲደጋገም አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ትል ደግሞ አሲድ አይወድም።

ቀይ ትሉን ጨርሶ ተዪው ማለቴ አይደለም። በሳጥን አርቢውና መደቡ ላይ ፍጉን ጨምሪ። ከሥሩ የተበሳሳ ሳጥን ፈልገሽ ጥላ ሥር አስቀምጪ፤ የተቀደደ ካርቶን በውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ አንጥፊበት። በእጅሽ ስትጨብጪው ጠብታ ቢወጣው ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። የአትክልት ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስጪው። ሥጋ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ጨው ያለበት ነገር፣ ሎሚና ብርቱካን ግን አታስገቢ። ከሸተተሽ ትሉ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ እየሰጠሽው ነው፤ ለጥቂት ቀን አቁሚና ደረቅ ካርቶን ጨምሪ።

ፍጉን ስታወጪ ብርሃን ላይ ከምሪው። ትሉ ብርሃን ስለሚሸሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንቺ ከላይ ከላዩ ትጠርጊያለሽ። የሎሚ ቅርጽ ያላት ትንሽ ቢጫ ፍሬ ካየሽ የትሉ እንቁላል መያዣ ናትና ወደ ሳጥኑ መልሻት። ለማሰሮ አበባ አንድ እጅ ፍግ ለአራት ወይም ለአምስት እጅ አፈር ይበቃል። መደብ ላይ ግን ከቅጠሉ ጉዝጓዝ ሥር እፍኝ እፍኝ በየግንዱ ዙሪያ በትኚ።

ጉድጓዱን ቆፍረሽ ስንት ትል እንዳገኘሽ፣ ምን ምን መድኃኒት ትረጪ እንደነበርም ጻፊልኝ።