መልስ፦ ሁለት ተሳቢ ይዞ ድንበር መሻገር

አቦ፣ ጥሩ ጠየቅክ። ስዊድን ከባድ መኪና የሚነዳው ወንድምህ ሁለት ተሳቢ እንደጎተተ ጀርመን መግባት ይችላል ወይ ነው ያልከው። እንዲሁ ዘሎ አይገባም። የሚገዛው የታርጋው አገር ሕግ ሳይሆን ጎማው ያረፈበት አገር ሕግ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ድንበር ለሚሻገር መኪና ከነተሳቢው መደበኛው ጣሪያ 18.75 ሜትርና 40 ቶን ነው። ስዊድን ግን 25.25 ሜትር ትፈቅዳለች፤ ክብደቱም ከ60 ቶን በላይ ይሄዳል። ጀርመንም 25.25ቱን ፈቅዳለች፤ ግን ተለይተው በተዘረዘሩ መንገዶች ብቻ። ክብደቱ ደግሞ እዚያው 40 ቶን ላይ ቆሟል፤ ከባቡር ጋር ለተቀናጀ ጭነት 44። ስዊድን ላይ ከነመኪናው 60 ቶን የጫነ ሰው እንግዲህ ያራግፋል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ማራገፊያው ድረስ ያለው መንገድ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይይ። ከሌለ አንዱን ተሳቢ ፈትቶ ማቆም ነው።

እኔ ረዳት ሆኜ በአንድ ተሳቢ ከደንገጎ ወደ ድሬ ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባ ነበር። ቆመን ጎማው ስር ድንጋይ ስወትፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ተሳቢ? ሜዳ ላላቸው!