ከፍታውን ለጠየቃችሁኝ

ቡና ቅምሻ የምትማር አንዲት ወጣት ሰሞኑን «ጋሼ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የበቀለ ቡና ሁሉ ጥሩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም፤ አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ።

ያኔ ቡና ስንቀምስ ናሙና የሚቀርብልን በቁጥር ነበር። አንዱ ናሙና ከጌዴኦ መምጣቱን እንጂ ቀበሌውንም ሆነ ማጠቢያ ጣቢያውን አናውቅም። የዚያ ናሙና ፍሬ ትንንሽና ድፍን፣ የመሐሉ ስንጥቅ ጥብቅ ያለ ነበር። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ እሸቱ ሳይቸኩል ስለሚበስል ፍሬው ይጠነክራል፤ ጣፋጩና ኮምጣጣውም አብረው ይጎለብታሉ። ሙቅ ውሃ ፈስሶበት አራት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከላይ የረጋውን በማንኪያ ስከፍተው፣ ገና ሳልቀምሰው የአበባ ሽታ አወደኝ። ስቀምሰው ሎሚ ሎሚ አለ፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደግሞ ማር ማር። የቀረበለትን ሁሉ የሚነቅፈው ባልደረባዬ እንኳ እየተመላለሰ ቀመሰው።

ከፍተኛውን ደረጃ ሰጠነው። ከዚያም ደረጃው ከሚመሳሰለው ቡና ጋር ተደባልቆ ተጫነ። የማን ማሳ እንደሆነ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ገበሬውም ምን እንዳመረተ ሳያውቅ ቀረ፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። የ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ ምንጩ የታወቀ ቡና ለመሸጥ መንገድ ከፍቷል፤ እናንተ ግን ድሮም የነበረ ይመስላችኋል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የሐረርጌ ቡናም የከፍታ ቡና ነው፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ውሃ በሚያጥርበት አገር እሸቱ ሳይፈለፈል ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ የወይን ጠጅ ጠረን ይይዛል። እናንተ «ብሉቤሪ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ብሉቤሪ በልቶ የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ጅማንም ተመልከቱ፤ ሊሙ ያለው እዚያው ዞን ውስጥ ነው። ሊሙ በታጠበ ቡናው ሲመሰገን «ጅማ 5»፣ ማለትም አምስተኛ ደረጃ የጅማ ቡና፣ የርካሽ ቡና መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። አፈሩ አልበደለም፤ የበደለው ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ መልቀምና መሬት ላይ ማስጣት ነው።

ከረጢት ላይ የከፍታ ቁጥር መለጠፍ ትወዳላችሁ። የጌዴኦን የቡና ዓይነቶች፣ ኩሩሜን ከወሊሾ፣ ዛፉን አይቶ የሚለይ ግን አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር በእኛም ጊዜ ጥቂት ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ሁለት ጆንያ አቅርባችሁ ምረጥ ብትሉኝ፣ እጄ የሚሄደው ወደ ደጋው ነው።

በለቀማ ወቅት ጌዴኦ ሂዱ። እንሰቱና ቡናው አብረው ከበቀሉበት ማሳ ግቡ፤ የትኛው ተዳፋት ዘግይቶ እንደሚደርስ ባለቤቱን ጠይቁ። የቅምሻውን ውጤትም ንገሩት፤ ስልክ በእጃችሁ ነው።