ከፈተናው በፊት አንድ ገጽ አስነብቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ልትዛወሩ ነው። ልጅሽ በመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍልን ጨርሷል። እዚህ ደግሞ የግል ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ልታስገቢው አስበሻል፤ ነሐሴ ላይ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። «ሁለት ወር አለኝ፤ አስጠኚ ልቅጠር ወይስ ራሴ ላስጠናው? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ሁለት ልጆቼን ለዚህ ፈተና አቅርቤያለሁ። ትልቋ ወደቀች፣ ትንሹ አለፈ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከትልቋ ልጀምር። ያኔ 3ኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ሐምሌን ሙሉ ከእራት በኋላ ሳስጠናት አመሽ ነበር። እንቅልፍ እየጣላት እንኳን አልለቃትም። ማባዣውን ከ1 እስከ 10 በቃሏ ታወርደዋለች። የእንስሳት ስም፣ የፍራፍሬ ስም፣ የቀለም ስም በእንግሊዝኛ ደብተር ሙሉ አጽፌያት ነበር። የፈተናው ዕለት ግቢ ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ቅንጣት ስጋት አልነበረኝም። ስትወጣ ግን ዓይኗ ቀልቷል። በማግስቱ ውጤቱ ሲነገረን ሒሳብ ከግማሽ በታች ነው አሉን።

ለምኜ ወረቀቱን አሳዩኝ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስሟን ከላይ አሳምራ ጽፋለች። በቁጥር ብቻ የተደረደሩት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ሁሉም ልክ ናቸው። ከዚያ በታች በዐረፍተ ነገር የሚጠይቁት ጀመሩ። እዚያ ጋ አንድም ፊደል የለም። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ «ማች» (አዛምድ) የሚለውን ትእዛዝ ስላላወቀችው በግራ ያሉትን ቃላት እንዳሉ በቀኝ በኩል ገልብጣቸዋለች። ቤት ስንገባ ከባዶዎቹ አንዱን በቃሌ ጠየቅኋት። «አንድ ገበሬ 32 በግ ነበረው። 14ቱን ገበያ ወስዶ ሸጠ። ስንት ቀረው?» አፌን ሳልከድን «18» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?» ስላት «አባዬ፣ አንብቤ ሳልጨርስ ሰዓት አለቀ» አለች።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ልጄን የጣላት ሒሳብ አይደለም፣ ንባብ ነው። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ በቃሏ ሳስወርዳት አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብዬ «እስቲ አንብቢልኝ» አላልኳትም።

ስለዚህ አስጠኚ ከመፈለግሽ በፊት ይሄን አድርጊ። የአማርኛ መጽሐፉን አውጪና ያልተማረውን ገጽ ክፈቺ። ድምፁን አውጥቶ ያንብብልሽ። አታርሚው፣ አታቋርጪው። የት የት እንደሚቆም ብቻ ልብ በይ። ሲጨርስ መጽሐፉን ዝጊና «ስለ ምንድነው?» በይው።

ፊደል ላይ የሚቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳድሱ ነው የሚያስቸግረው። ካዕብና ሣልስ በአብዛኛው ፊደል ላይ ምልክታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሳድስ ግን ከፊደል ፊደል ይለያያል። የኔ ልጅ «ል»ና «ም» ላይ ደህና ነበረች፣ «ፍ»ና «ጥ» ላይ ሁሌ ትቆማለች። እንዲህ ከሆነ ሙሉውን ገበታ ከሀ እስከ ፐ ማስቆጠር ጊዜ ማባከን ነው። የሚያቆሙትን ፊደሎች ብቻ ለይተሽ በወረቀት ጻፊና ቃል ውስጥ አስገብተሽ አስነብቢው። በሳምንት ውስጥ ለውጡን ታያለሽ። ፊደሉን እያወቀ ቀስ ብሎ የሚጎተት ከሆነ ግን መድኃኒቱ ልምምድ ብቻ ነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ጠዋት፣ አእምሮው ትኩስ ሳለ። መጽሐፉ ከክፍሉ ዝቅ ያለ ቢሆንም አይክፋሽ፤ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ሳይቆም ሲያነብ ድፍረት ያገኛል።

ሦስተኛው ዓይነት ነው የሚያታልለው። ልጁ እንደ ውኃ ያነባል፣ ምን እንዳነበበ ግን አያውቅም። ትንሹ ልጄ እንደዚህ ነበር። እሱን ያዳነችው እናቴ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል እሱ አጠገቧ ሆኖ ያነብላታል። እንዝርቷን እያሾረች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ያልገባት ነገር ካለ እንዝርቱን ታቆመዋለች። «ቆይ፣ ማነው የሄደው? አባትየው ነው ልጁ?» እሱም ወደ ላይ ተመልሶ ያነባል፤ ሲያስረዳት ለራሱም ይገባዋል። እኔ እንዲህ ብጠይቀው ፈተና መስሎት ይደነግጥ ነበር። ለሷ ግን ማገልገል ነው። ቤት ውስጥ አያት ወይም ታናሽ ካለ በዚህ ተጠቀሚ።

እንግሊዝኛው ላይ ቃላት በገፍ ከማስያዝሽ በፊት የትእዛዝ ቃላቱን አስተምሪው። «ሰርክል»፣ «ማች»፣ «ፊል ኢን ዘ ብላንክ»፣ «ትሩ ኦር ፎልስ»፣ «ቹዝ»። ከዐሥር አይበልጡም። እያንዳንዱን በወረቀት አስይዢውና ምን ማድረግ እንዳለበት በእጁ ያሳይሽ። ቢና ዲ ፊደሎችን እያምታታ እንደሆነም እዪ፤ ብዙ ልጅ ያምታታቸዋል። ሌላው ሰዓት ነው። ትንሹ መርፌ 8 ላይ፣ ትልቁ 12 ላይ ሆኖ ሲያይ የኛ ልጅ «2 ሰዓት» ይላል። ለኛ ልክ ነው። እንግሊዝኛው ወረቀት የሚፈልገው ግን «ኤይት ኦክሎክ» ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አንድ ከሰዓት በግድግዳ ሰዓት ብታሳዪው ይበቃል። ወሮችም እንደዚያው ናቸው፤ የኛ 13፣ የነሱ 12።

ሒሳብ ላይ ማባዣውን ይያዝ፣ ግድ ነው። ግን ጊዜሽን መበደር ባለበት ቅነሳ ላይ አውዪ፣ በተለይ መሐል ላይ ዜሮ ሲኖር። 302 ሲቀነስ 148 ስጪውና እዪ። 154 ካለ ጎበዝ ነው። 246 ካለ ላይ ይሁን ታች ሳያይ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰ ነው፤ ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ባቄላ በዐሥር በዐሥር ከፋፍለሽ ከጎረቤት መበደር ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ይዳስሰው። የቃል ጥያቄዎቹን ከገበያሽ አውጪለት፦ የሽንኩርት ዋጋ፣ የባጃጅ መልስ። ግን በቃል አትጠይቂው። ጻፊለትና አንብቦ ይመልስ።

ጽሑፍም ያስጽፋሉ፣ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር። ለልጄ ደብረ ብርሃን ስሟን እንዴት እንዳገኘች ተረኩለት፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከሰማይ ወረደ ስለሚባለው ብርሃን። በራሱ ቃል ጻፍ ስለው ዐራት ነጥብ አንድም ቦታ አላደረገም። ያንን ማረም ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አስጠኚ ክፉ አይደለም። እዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤት ለቤት ያስጠናሉ፣ ጎበዞች አሉ። ግን መጀመሪያ ልጅሽ የት ጋ እንደቆመ አንቺ እወቂ፣ ከዚያ «ይሄን አሠራልኝ» ብለሽ ቅጠሪ። ዝም ብለሽ ከቀጠርሽ የሚያውቀውን ደግሞ ያስጠናዋል፤ አንቺም ትከፍያለሽ።

ትምህርት ቤቱን አሁኑኑ ጠይቂ። የትኞቹ ትምህርቶች ይፈተናሉ? የሒሳቡ ወረቀት በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? ስንት ደቂቃ ነው? ይሄን ለመጠየቅ አትፈሪ፣ እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ነው የተቀጣሁት። የሒሳቡ ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነ «አድ»፣ «ሰብትራክት»፣ «ሃው መኒ» የሚሉትንም ጨምሪ። መሸኛውንና ካርዱን ደግሞ የድሮው ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አውጪ። ክረምት ላይ ርዕሰ መምህር ፍለጋ መንከራተት አለ።

ደግሞ አንድ ነገር። በፈተናው ዕለት ጠዋት ከሸዋ ሮቢት እንዳትነሺ። ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የጣርማ በር ዳገት ልጅ ያስመልሳል። ከቆላ የመጣ ልጅ የነሐሴ ብርድ ላይ ሲወርድ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ። ሹራብ ደርቢለት። ጠዋት ትኩስ ቅንጬ ወይም ገንፎ ይብላ። ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። «ካለፍክ ሳይክል እገዛልሃለሁ» አትበይው፤ ሳይክሉን እያሰበ ነው የሚፈተነው። ማታ ግን በጊዜ አስተኚው። እኔ ለልጄ ያልሰጠኋት አንዱ ነገር እንቅልፍ ነው።

ቢወድቅስ ላልሽው፣ የኔዋ ወደቀች። «2ኛ ክፍል ትድገምና እንቀበላት» አሉኝ። አልተቀበልኩም። መደመርና ማባዛት የምታውቅ ልጅ በንባብ ብቻ ዓመት አትደግምም ብዬ እዚያው መንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል አስቀጠልኳት። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አነበብን። በቀጣዩ ነሐሴ ለ4ኛ ክፍል ተፈትና ገባች። አሁን ታናሽ ወንድሟን የምታስነብበው እሷ ናት።

ዛሬ ማታ አንዱን ገጽ አስነብቢውና የቆመባቸውን ፊደሎች እዚሁ ጻፊልኝ። ከዚያ ተነስተን አብረን እናያለን።