ቲነር ያለበት ክፍል ውስጥ ማብሪያ በሲሊኮን ማሸግ? ተው ወንድሜ

ወንድሜ፣ የለጠፍከውን ፎቶ አየሁት። የጋራዥህ ቀለም ክፍል ውስጥ ያለውን ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያውን ሲሊኮን ብቀባው ለቲነሩ ትነት ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። ባትላሜራና ቀለም ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ጉዳይም ኪሴን አራግፎታል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

1. ከቻልክ ማብሪያውን ጭራሽ ከክፍሉ አውጣው። ከበሩ ውጭ፣ ትነት የማይደርስበት ግድግዳ ላይ አድርገው። መብራቱንም በታሸገ መስታወት በኩል ከውጭ አብራ። ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም።

2. ማውጣት ካልቻልክ ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ የሚባለውን፣ ተቀጣጣይ ትነት ላለበት ቦታ የተሠራውን ማብሪያ ግዛ። መርካቶ ስትገባ አይፒ 65 የተጻፈበት የፕላስቲክ ማብሪያ አንስተው "ይሄ ምንም አያስገባም" ይሉሃል። እንዳትሰማቸው። አይፒ 65 የሚመሰክረው ለአቧራና ለሚረጭ ውሃ ነው። ለትነት አይደለም። ሳጥን ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መሃል አየር ይስባል። ሲሊኮኑን ደግሞ ቲነር ያሳብጠዋል። ትነቱ ቀስ ብሎ ይገባና እዚያው ይታመቃል። ከዚያ ማብሪያውን ስትጫን ውስጥ የሚነካካው ብረት፣ ኮንታክቱ ላይ የምትፈጠረው ብልጭታ ትበቃዋለች። የብዙ ቲነር ዋና ቅመም የሆነው ቶሉይን አየር ውስጥ 1.1 በመቶ ገደማ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል።

ትክክለኛው ዕቃ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ትነት መግባቱ አይቀርም፣ ውስጡም ሊፈነዳ ይችላል ተብሎ ነው የተሠራው። ወፍራም ብረት ስለሆነ ፍንዳታውን ይችለዋል። ትኩሱ ጋዝ በክዳኑና በሳጥኑ መሃል ባለው በጣም ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ውጭ ያለውን ትነት ማቀጣጠል ያቅተዋል። እዚያ በማሽን የተስተካከለ ፊት ላይ ሲሊኮን አታስነካ። ጎማ አትጨምር። በቢላ አትፋቀው። አምራቹ የፈቀደውን የማይደርቅ ግራሶ ብቻ ቀባ። ብሎኖቹ ደግሞ አንድም ሳይቀሩ ይታሰሩ። አንዷ ከጎደለች ያ ሁሉ ብር ያወጣህበት ዕቃ ተራ ሳጥን ሆነ ማለት ነው።

3. ቱቦው! ሁሉም ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ እኔንም ዋጋ ያስከፈለኝ ይሄው ነው። ማብሪያውን ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የላከልኝ። ትክክለኛ፣ ሰርተፍኬት ያለው ዕቃ ነበር። የገጠመው ኮንትራክተር ግን ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ ሳያሽግ ወለል ለወለል ወስዶ ቢሮ ካለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን፣ ከፓነሉ ጋር አገናኘው። የቀለም ክፍሌ ከቢሮው ከፍ ይላል። የቲነር ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ልጆቹ ማታ የቀለም ሽጉጥ ያጠቡበትን ቲነር ባልዲ ሳይከድኑ ሄዱ። ማራገቢያው ጠፍቷል። ትነቱ ሌሊቱን ሙሉ በቱቦው ወረደ። ጠዋት አንዱ ልጅ ኮምፕረሰር ሲያስነሳ ፓነሉ ውስጥ ሞተሩን የሚያበራው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ ብልጭ አለና ትነቱን አቀጣጠለው፤ የፓነሉ በር ተገንጥሎ ተወረወረ። የልጁ ቅንድብ ተለበለበ፣ እጁም ተቃጠለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው።

ኮንትራክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "መብራት መጣ ሄደ ስላለ ነው" አለኝ። ከሁሉም ያበገነኝ ግን የፈቃድ ቢሮው ሰውዬ ነው። ከአደጋው በፊት መጥቶ ማብሪያውን ከውጭ አይቶ ፈርሞልኝ ሄዷል። ከአደጋው በኋላ ቢሮው ስሄድ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "እኛ ቱቦ አናይም" አለኝ። ቱቦ ካላየህ ታዲያ ምን ልታይ መጣህ? ልጅ እኮ ነው የተቃጠለው።

መፍትሔው ይሄ ነው። ነጋዴዎቹ ሲሊንግ ፊቲንግ የሚሉት፣ ትነት በቱቦው እንዳያልፍ የሚዘጋ የብረት መገጣጠሚያ አለ። በአሜሪካኖቹ ደንብ ከሳጥኑ በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይገባል። ቱቦው ከክፍሉ የሚወጣበት ቦታ ላይም ሌላ ይጨመራል። ሽቦዎቹን ለያይተህ በፋይበር ትወትፋለህ፣ ከዚያ ለዚሁ የተሠራውን ኮምፓውንድ አቡክተህ ታፈስበታለህ። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ፣ ጄሶ፣ ፎም አይተካውም። በቱቦ ፋንታ ኬብል ከሆነ የምትዘረጋው ባሪየር ግላንድ ጠይቅ፤ ኬብሉ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በኮምፓውንድ የሚዘጋ መያዣ ነው። እኔ ሁለተኛውን ሥራ ስናሠራ አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷ ስትፈስ አይቻለሁ። አሁን ሰፈራችን ያሉ ባለጋራዦች የኔን ክፍል እያዩ ነው የሚያሠሩት፤ በዚህ ደስ ይለኛል።

ዕቃውን ስትገዛ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ሳህን አንብብ። የአውሮፓውያኑ የሲኢ (CE) ምልክት ብቻውን ለዚህ ምንም አይደለም። ለሚፈነዳ ጋዝ ቦታ መሠራቱን የሚያሳየው የኤክስ (Ex) ምልክት፣ የጋዝ ምድብና የሙቀት ደረጃ ይኑረው። ዋና ቅመሙ ቶሉይን ለሆነ ቲነር ምድብ ሁለት ኤ (IIA) ይበቃል፤ ቲ 4 ማለት ደግሞ ገጽታው ከ135 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የአይኢሲኤክስ (IECEx) ሰርተፍኬት አለው ካሉህ ቁጥሩን ተቀበልና ድረ ገጻቸው ላይ ፈልገው፤ በነጻ ይታያል። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለህ ጥለኸው ውጣ። ብር ከመክፈልህ በፊት የሳህኑን ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አይልሃለሁ።